በሽታው ጠፍቷል ተብሎ ስለተዘጋብን ክፍል

ለከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት
እንዲሁም ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቁስል ማጠቢያ ክፍላችንና የጫማ መሥሪያው እንዲከፈቱልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በከተማችን ዳር ባለው ሰፈር የምንኖር፣ ከሥጋ ደዌ ታክመን የዳንን ሰዎችና ልጆቻችን ባቋቋምነው ማኅበር ስም ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። እኔም በ14 ዓመቴ ተይዤ ታክሜያለሁ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች እንደታጠፉ ቀርተዋል። ቀኝ እጄ ደህና ስለሆነ መጻፉ የኔ ድርሻ ሆኗል።

እስካሁን ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ሁለቴ በአካል ቀርበናል። የመጀመሪያው ማመልከቻ «ቀጠሮ ይያዝላቸው» ተብሎ ተመራ። ሁለተኛው ከፋይል ጠፋ ተባለ። ለሦስተኛው መልስ አላገኘንም። በአደባባይ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጤና ጣቢያው ጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ነበረችን። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ትከፈታለች። ሳፋ አለ፣ ውኃ አለ፣ ቫዝሊን አለ፣ ጎዝና ፋሻ አለ። እዚያ እግራችንን እንዘፈዝፋለን። የደደረውን ቆዳ እንፍቃለን። ቁስል ያለበት ያሳጥባል። ነርሷ የእያንዳንዳችንን እግር ለይታ ታውቃለች። ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ አንድ ጫማ ሠሪ ለእግራችን የሚስማማ፣ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ይሠራልን ነበር።

በመስከረም ሁለቱም ክፍሎች ተዘጉ። አሁን አሮጌ አልጋና ካርቶን ተከማችቶባቸዋል። ነርሷ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች። የጫማ ሠሪው ውል አልታደሰም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ይህ ነው፦ «የሥጋ ደዌ ከአገር ጠፍቷል። በመዝገብ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለሦስት ሰው ክፍል አይያዝም።»

በዚያች ክፍል የምንገለገለው ግን 61 ሰዎች ነን።

በሦስትና በ61 መካከል ያለው ልዩነት የችግራችን ሁሉ ሥር ስለሆነ ከእሱ ልነሳ። እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም ጤና ጉባኤ የሥጋ ደዌ የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ እንዲያበቃ ግብ አስቀመጠ። መለኪያው ከ10,000 ሰው ውስጥ በሕክምና መዝገብ ያለው ታማሚ ከአንድ ማነሱ ነበር። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያ ደረጃ ላይ ደረሰች። «ጠፍቷል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። የተባለው ግን ቀንሷል እንጂ ጠፍቷል አይደለም።

ደግሞም ያ መዝገብ የሚቆጥረው መድኃኒት እየወሰደ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ኪኒኑን የጨረሰ በዚያው ቀን ከመዝገብ ይወጣል። ዓይኑ ይከደን አይከደን፣ እግሩ ይሰማው አይሰማው አይጠየቅም። ሌላም ነገር አለ። ባክቴሪያው የበዛባቸው ታካሚዎች መድኃኒቱን ለ24 ወር ይወስዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ 12 ወር እንዲያጥር ተመከረ። ለታካሚው ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን አንድ ሰው መዝገብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ አጠረ ማለት ነው። አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር ባለበት ቢቆም እንኳ መዝገቡ ይሳሳል። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። ሕጻናትም አሉባቸው። ከአዲሶቹ ውስጥ ከአሥር አንድ ገደማ የሚሆነው በሽታው ሲታወቅለት ዓይኑ ወይም እጁ ወይም እግሩ በሚታይ ሁኔታ ተጎድቶ ነው።

ስለዚህ የከተማችን ሦስት ሰዎች ኪኒን የሚውጡት ናቸው። እኛ 61ዱ ደግሞ ኪኒኑን የጨረስን ነን።

ስለ በሽታው ራሱ ትንሽ ልጻፍ። ብዙ ነዋሪ አያውቀውም። በስብሰባ ላይ ስንሰማ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችም የሚሳሳቱበት አለ።

ባክቴሪያው ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በርገን ከተማ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። በዚያ ዘመን እዚያ አገርም ብዙ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሮማቶሲስ የተባለ ሁለተኛ ዝርያ ታወቀ። መጀመሪያ የተለየው ከሜክሲኮ በመጡ ታማሚዎች ላይ ነው። እሱም ይህንኑ በሽታ ያመጣል።

ሌፕሬ በጣም ዘገምተኛ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ማብቀል አልተቻለም። ተመራማሪዎች በአይጥ መዳፍና አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ላይ ነው የሚያሳድጉት። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይመቸዋል። ፊት፣ ጆሮ፣ እጅና እግር ላይ የሚበረታው ለዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ዓመት ይቆያል። 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት አዲስ ታማሚ አልመጣም ብሎ ሥራውን ማቆም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተያዘ ልጅ ምልክቱን የሚያሳየው በ2025 ወይም በ2035 ሊሆን ይችላል።

የሚተላለፈው ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ ሲኖሩ፣ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ትንፋሽና ፍንጣቂ ነው። በመጨባበጥ አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም አይደለም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢገባበት እንኳ አይታመምም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድነት የሚሰጡበትን ሕክምና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲመክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለታካሚ በነጻ ይታደላል። በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ባክቴሪያው ያልቅለታል።

ባክቴሪያው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነርቩ ነው። ሌፕሬ ነርቭን በሚሸፍኑት ሕዋሳት ውስጥ ይሰፍራል። የተጎዳ ነርቭ በኪኒን አይመለስም። እጅና እግር ይደነዝዛል። ብዙ ሰው ጣታችን በበሽታው ተበልቶ የሚወድቅ ይመስለዋል። አይደለም። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር በሠራባቸው ዓመታት ይህን አጥብቆ አሳየ። ጣትና እግር የሚጠፋው ሳይሰማን በሚደርስብን ቁስል፣ ቃጠሎና ኢንፌክሽን ነው። እናንተ ጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ሲገባ ሁለት እርምጃ ሳትራመዱ ታወጣላችሁ። እኛ ቀኑን ሙሉ እንረግጠዋለን። ማታ ካልሲው በደም ተጣብቆ ስናይ ነው የምናውቀው።

እንግዲህ ያቺ ክፍል ይህን ነበር የምትጠብቅልን። ከተዘጋች ወዲህ የደረሰብንን ልንገራችሁ።

የሰፈራችን አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ጣቶቻቸው አይሰማቸውም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ነርሷ እጃቸውን ገልብጣ ታይላቸው ነበር። በምጣድ ጠርዝ የተቃጠለ ቦታ ካለ በዚያው ቀን ታጥቦ ይታሸጋል። በጥቅምት መዳፋቸው ተቃጠለ። ክፍሉ ዝግ ነው። ካርድ አውጥተው ተራ ጠበቁ። ተረኛው «ድሬሲንግ ይከፈላል» አላቸው። ኪኒኑ ነጻ ነው፣ ፋሻው ግን ነጻ አይደለም። ቤታቸው ገብተው በነጠላ ጫፍ አሠሩት። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ አጥንት ደረሰ። የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ተቆረጠ። አሁን ሊጥ የምታነሳላቸው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ጠዋት ላይ ትምህርት ቤት አትደርስም።

ሌላው አባት የዘበኝነት ሥራ ነበራቸው። ጫማ ሠሪው በየዓመቱ ጫማ ይሠራላቸው ነበር። ሶሉ ለስላሳ ነው። ከሁሉ በላይ ምስማር የለበትም። ሲያልቅባቸው ከገበያ ገዙ። የገበያው ጫማ በምስማር የተመታ ነበር። ምስማሩ ከውስጥ ብቅ ብሎ ተረከዛቸውን ወጋ። ለስንት ቀን እንደረገጡት ራሳቸውም አያውቁም። ሽታው ነው የቀሰቀሳቸው። ሪፈር ተጻፈላቸው። ሆስፒታሉ በመኪና ሦስት ሰዓት ይርቃል። የመጀመሪያው መኪና ረዳት ቁስላቸውን አይቶ አላሳፍርም አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች አዋጥተው ባጃጅ ተከራዩላቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ዘበኝነቱም በዚያው ቀረ።

አንድ ጫማ ነው ያጡት። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አብረውኝ ያደጉ ሰው ናቸው።

«ሪፈር አለ እኮ» ተብለናል። ሪፈር ለቀዶ ሕክምና ነው። እግርን በየቀኑ መዘፍዘፍ፣ ደረቅ ቆዳን መፋቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በየሳምንቱ በሰው ዓይን መታየት ከሦስት ሰዓት መንገድ ርቀት አይሠራም። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ከስሙ ጀምሮ የማገገሚያና የማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ማከም ብቻውን እንደማይበቃ ያኔም ይታወቅ ነበር። የኛ ጫማ ሠሪ ሙያውን የተማረው በዚሁ ለሥጋ ደዌ በሚሠራ ማዕከል ከሠለጠነ ሰው ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሊስትሮ ዕቃ ይሸጣል። ሙያው ከእጁ ሳይጠፋ መልሱት።

የሚቀጥለው ቅሬታ ገና ያልታወቀላቸውን ይመለከታል። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ገና ሊድን የሚችል አካል አለ።

ከሰፈራችን ውጭ፣ ከገበያው ወዲያ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ናት። ጉንጯ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። ጭርት ነው ተባለና ቅባት ተሰጣት። አልጠፋም። ሌላ ቅባት ተሰጣት። ክንዷም ላይ ወጣ። እናቷ ጠበል ወሰደቻት። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ መርፌ ወጋት። ይህ ሁሉ ሁለት ዓመት ፈጀ። ማንም አንዲት ነገር አላደረገላትም። ጥጥ ወስዶ ምልክቱን ነካ አድርጎ «ይሰማሻል?» ብሎ አልጠየቃትም። በመጨረሻ ያወቀው የማኅበራችን አባል ነው። ገበያ ላይ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆው ከእጇ ሲያመልጥ አይቷት ነው። ክርኗን ሲዳስስ ነርቯ እንደ ገመድ ወፍሮ ነበር።

የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት፣ የወፈረ ነርቭ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በግማሽ ቀን ትማረዋለች። ነገር ግን «ጠፍቷል» ስለተባለ ሥልጠናው ቀረ። ሥልጠናው ስለቀረ ማንም አይፈልግም። ካልተፈለገ አይገኝም። ከዚያ መዝገቡ ባዶ ነው ይባላል።

ልጅቷ መድኃኒት ጀመረች። በሦስተኛው ወር ቆዳዋ ጠቆረ። ይህ የክሎፋዚሚን የታወቀ ጸባይ ነው፤ መድኃኒቱ ሲያበቃ ቀስ በቀስ ይለቃል። ማንም አልነገራትም። የክፍል ጓደኞቿ ሲያዩዋት ኪኒኑን አልጋ ሥር መደበቅ ጀመረች። ሽንቷ ሲቀላም ደነገጠች። እሱም የሪፋምፒሲን ነው። ነርሷ በቦታዋ ብትኖር አምስት ደቂቃ ቁጭ አድርጋ ታስረዳት ነበር። የኛ ሴቶች ሄደው አስረዷት፤ ኪኒኑን ቀጠለች። እኛ ግን ሐኪም አይደለንም። ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ ከጨረሰም በኋላ፣ ነርቩ በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ያብጣል፣ ያማል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅ ይሰንፋል። በጊዜ ከታየ ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጠውና ነርቩ ሊተርፍ ይችላል። የኔ ሁለት ጣቶች እንደታጠፉ የቀሩት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ምስክር አያስፈልገኝም። ያን ጊዜ ወደ ማን እንደሚኬድ አናውቅም ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ እንዲህ ቢገጥማት ወደ ማን ትሄዳለች?

የልጅቷ ሁለት ወንድሞችና እናቷም አልተመረመሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ከታማሚ ጋር በቅርብ ለሚኖሩ፣ ከተመረመሩ በኋላ፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ይመክራል። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የመያዝ ዕድልን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዋጠው። ቤቱ ከጤና ጣቢያው የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።

ከጤናው ወጣ ያሉ ሁለት ነገሮችንም ላንሳ። ጽሕፈት ቤታችሁ ብቻውን አይፈታቸውም፣ ግን ድምፃችሁ ይሰማል።

አንዱ የአሻራ ጉዳይ ነው። በከተማችን አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ አባላችን ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችውን ገንዘብ ሊያወጡ ሄዱ። አሻራ ተጠየቁ። የጣታቸው ጫፍ የለም። የቀረውም መስመሩ ጠፍቷል። መታወቂያ አላቸው፤ ፎቶው እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አራት ቀን አመላለሷቸው። በአራተኛው ቀን ጥበቃው ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ከለከላቸው። በመጨረሻ ገንዘቡ በጎረቤት ስም ወጣ። ገንዘቡ ከነሙሉው ደርሷቸዋል፤ ጎረቤቱ ሐቀኛ ሰው ነው። ቢሆንም አንድ ሰው የገዛ ልጁ የላከችለትን ገንዘብ በሰው ስም ማውጣት የለበትም።

ሁለተኛው ስማችን ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የከተማ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ሙስና ሲናገሩ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኛ ስድስት ሆነን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። የሚለው ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች ከማዕድ ይገለሉ ነው የሚለው። ከመካከላችን አንዷ ሴት ከዚያን ቀን ወዲህ ስብሰባ አልመጣችም። ኃላፊው ሊሰድቡን እንዳልፈለጉ አምናለሁ። ግን ቃሉ ያደቆሰን ቃል ነው። በየሠርጉ፣ በየዕድሩ፣ በየውኃ ወረፋው ሰምተነዋል።

የዘር ነው የሚለው እምነትም እንዲሁ ሥር የሰደደ ነው። ላሊበላዎች ከንጋት በፊት በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ይህን ካቆሙ ደዌው ይይዘናል ብለው ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከዚሁ እምነት አልራቀም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛ በዚህ በሽታ መያዙን ሳያውቁ ማግባትን ጋብቻ ከሚያፈርሱ ስህተቶች መካከል በስም ጠርቶ ይቆጥረው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በስም መጥራቱን ትቷል። ሕጉ ከተለወጠ ብዙ ዓመት አለፈው። ባለፈው ዓመት ግን የአንዲት ልጃችን እጮኛ ቤተሰቦች አያቷ ታክመው እንደነበር ሰምተው ሽማግሌውን መለሱ። ልጅቷ ምንም የለባትም። አያቷም ከ30 ዓመት በፊት ድነዋል። ጤና ጽሕፈት ቤቱ ለዚያ ቤተሰብ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ባለሙያ እንዲልክልን ጠይቀን ነበር። የላከልን የለም።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

የቁስል ማጠቢያው ክፍል እንደ ቀድሞው በሳምንት ሁለት ጠዋት ይከፈትልን። አልጋውንና ካርቶኑን የማኅበሩ ወጣቶች ያወጣሉ፤ ግድግዳውን እኛው ቀለም እንቀባለን። ሳፋውም እኛ ዘንድ አለ። ከእናንተ የምንፈልገው ቁልፉን፣ ውኃውን፣ ጎዝና ፋሻውን፣ እንዲሁም የሠለጠነች ነርስ ነው። የቀድሞዋ ነርስ ብትመለስ ደስታችን ነው። የማትመለስ ከሆነ የምትተካት ከእሷ ጋር አንድ ወር ትሥራ።

የጫማ ሠሪው ውል ይታደስ። በዓመት ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ ጫማ ይበቃናል። የአንድ እግር መቆረጥ መንግሥትንና ቤተሰብን የሚያስወጣውን አስቡና ከጫማው ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ኪኒን ከጨረሱ በኋላ የአካል ጉዳት ያለባቸውን የሚይዝ ሌላ መዝገብ ይከፈት። የ61ዳችንን ዝርዝር፣ የማን እጅ፣ የማን እግር፣ የማን ዓይን እንደሆነ ጽፈን ከሦስተኛው ማመልከቻ ጋር አያይዘናል። ለቁስል እጥበት ክፍያ አንጠየቅ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጥጥ የመፈተሽና ነርቭ የመዳሰስ ሥልጠና ያግኙ። ማኅበራችን ውስጥ ይህን ማሳየት የሚችሉ አራት ሰዎች አሉ፤ ያለ አበል ይመጣሉ። የልጅቷ እናትና ወንድሞች በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። ይህኛው ከሁሉም በፊት እንዲሆን እንለምናለን።

ባንኮቹ አሻራ ለሌለው ሰው ሌላ የማረጋገጫ መንገድ እንዲያበጁ በጽሑፍ ጠይቁልን። በመንግሥት ስብሰባ ላይ ያ ተረት እንዳይነገር ለሠራተኞቻችሁ አሳውቁ። «የሥጋ ደዌ ታማሚ»፣ «ታክሞ የዳነ ሰው» ማለት ይበቃል።

በየዓመቱ በጥር ወር የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ይከበራል። በከተማችንም ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። ዘንድሮ ባነሩ ቢቀር ቅር አይለንም። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ክፍሉ ኑ። ሳፋዎቻችንን ይዘን በሩ ላይ እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ከሥጋ ደዌ ታክመው የዳኑ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ማኅበር ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ለከተማው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
በከተማው ለሚገኙ የባንክ ቅርንጫፎች
ለሰፈራችን ዕድር